ማርሚታ ይቅደም ላሉን ክቡር ሊቀመንበር

ለክቡር አቶ ራንዳል ቦስማ
የሐይቅ ዳር አሸዋ ነጂዎች ማኅበር ሊቀመንበርና የቴክኒክ አማካሪ
ሚሺጋን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎና በተለይም ለጆሮዎ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። የማኅበራችን አዲስ አባላት ዕጣ በዚያ ጆሮ ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ፣ ብርድ እንዳይመታው ሁላችንም እንሰጋለን። ይህን ደብዳቤ በግራ እጄ መጻፌም ቀኙ እስኪድን ብጠብቅ ምስጋናዬ ይዘገያል ብዬ በመፍራት ነው።

እንደሚያስታውሱት፣ በነሐሴ ወር አንዲት ያገለገለች ኳድ፣ ማለትም ባለ አራት ጎማ የስፖርት ሞተር ሳይክል፣ ገዝቼ ነበር። የገዛኋት ለዝና አልነበረም። ባለቤቴ ሃርም በኅዳር ጀርባውን ቀዶ ሕክምና እንደሚደረግለትና ከዚያ በኋላ ኳድ ላይ መውጣት እንደማይፈቀድለት ሐኪሙ ነግሮት ነበር። ትልቁን የአሸዋ ተራራ እሱ በየዓመቱ ሲወጣ እኔ ከታች ሳንድዊች ይዤ ስጠብቀው ኖሬ፣ በዚህ በመጨረሻው መከር ግን አብረን ወጥተን ፀሐይ ሐይቁ ውስጥ ስትገባ ከጫፉ ላይ ለማየት ተስማማን። ፍላጎታችን ይህችው ብቻ ነበረች።

ኳዷ አሮጌ ስለሆነች በመጀመሪያ ምኗን ላሻሽል ብዬ ወደ እርስዎ መጣሁ። እንደ ማኅበራችን ወግ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሰው ሁሉ መኪና ማቆሚያው ላይ አጎንብሶ አሸዋው እንዳይውጠው የጎማውን ንፋስ ሲቀንስ፣ እርስዎ ተጣጣፊ ወንበርዎ ላይ ተቀምጠው፣ ዶናትዎን እንደያዙ፣ ዓይንዎን ጨፍነው የአዲስ ሰው ሞተር ያዳምጣሉ። የእኔንም አዳመጡ። «ታፍናለች እኮ፣ ዊልማ። የጭስ ማውጫ ማርሚታውን ቀይሪላት፣ የአየር ሳጥኑን ክዳን ንቀይና ጣይው፣ ከዚያ እሷው ራሷ ታወጣሻለች» አሉኝ። ሃርም «ፍሬኗን መጀመሪያ ብናየው አይሻልም?» ቢልዎ፣ «ፍሬን ለሚፈራ ሰው ነው፣ ወንድሜ» ብለው የቆመውን ሁሉ አሳቁ። እንግዲህ ለዚህ ምክር የሚገባዎትን ምስጋና በየተራ እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩ኛ/ ስለ ማርሚታው እጅግ አመሰግናለሁ። አዲሱ ከተገጠመ ወዲህ ኳዷ ከመጮኋ የተነሳ ጎረቤታችን ወይዘሮ ትሩዲ ውሻቸውን ይዘው እህታቸው ቤት ገብተዋል። ፍጥነቷ እንደነበረው ነው። ሃርም ግን «ቢያንስ ስትመጪ እሰማሻለሁ» ብሎ አጽናናኝ።

፪ኛ/ ስለ ክዳኑም አመሰግናለሁ። ወደ ሞተሩ አየር በገፍ ሲገባ ነዳጁም በዚያው ልክ መጨመር እንዳለበት፣ ሁለቱን የሚቀላቅለው ካርቡራተር ካልተስተካከለ ሞተሩ በገዛ ሙቀቱ እንደሚቃጠል የሰማሁት ዘግይቼ፣ ከጋራዥ ነው። እርስዎ ሳይነግሩኝ የቀሩት ልቤን ላለማስጨነቅ እንደሆነ አልጠራጠርም። ክዳን የሌለው ሳጥን አሸዋ ያስገባል የሚለውን ነገር ደግሞ፣ አሸዋ ከጫማችን፣ ከአልጋችንና ከሾርባችን ስንለቅም የኖርነው ሰዎች እንዴት ብለን ልንደርስበት እንችል ነበር? በማኅበራችን ውስጥ ክዳኑን ያልጣለ ሰው የለም፤ ክረምት በገባ ቁጥርም ሁሉም ፒስተን ይቀይራል። እኛ ይህን የምንቆጥረው እንደ በረዶ መጥረግ ነው፤ በየዓመቱ የሚመጣ፣ ማንም ያላመጣው ሥራ። የጋራዡ ባለቤት ግን፣ ሲጸልይ እርስዎን በስም የሚያነሳ ይመስለኛል።

፫ኛ/ ወደ ፍሬኑ ስመጣ ምስጋናዬ ትንሽ ይንተባተባል። በጥቅምት የመጨረሻው ቅዳሜ፣ አመሻሹ ላይ፣ ሃርም ትንሽ ቀድሞኝ እኔም ተከትዬው ተራራውን ጀመርን። ወደ ጫፉ ስንቃረብ ሞተሬ ተንገጫገጨና ጸጥ አለ። ፍሬኑን ጨበጥኩ። የፍሬኑ ሸራ አልቆ ኖሮ፣ ብረት ብረትን ሲፍቅ ተሰማኝ እንጂ ኳዷ አልቆመችም። እኔና እሷ ወደ ኋላ ተንሸራተትን፣ ተገለበጥን፣ ቀኝ ክንዴ ከሥሯ ቀረ። ሃርም ጫፉን ሊረግጥ ጥቂት ሲቀረው ዞር ብሎ አየኝና ተመልሶ ወረደ። በዚያ በታመመ ጀርባው ኳዷን ከላዬ አነሳት። «አይዞሽ ዊሊ፣ አትነሺ፣ እስቲ እግርሽን አንቀሳቅሺልኝ» ይለኝ ነበር። ዳግመኛ ለመውጣት ብርሃኑም አቅሙም አልነበረንም። ቀዶ ሕክምናው ተደርጓል፤ ሐኪሙም ኳድ ላይ አትወጣም ያለውን ቃሉን አላጠፈም። ተናድጃለሁ፣ ክቡር ሊቀመንበር፤ ይህን በበለጠ ትሕትና የምገልጽበት ቃል አጣሁ።

፬ኛ/ ማኅበሩ «ለድፍረቷ» ብሎ የላከልኝ ተለጣፊ ደርሶኛል። የአየር ሳጥኑ አፍ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ እስከ ዛሬ ከማኅበሩ ካገኘሁት ሁሉ አሸዋ የሚያስቀር እሱ ብቻ ነው።

አንድ ትንሽ ልመና አለችኝ። ያገለገለ ኳድ ገዝቶ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ ፍሬኑን፣ ጎማው የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ፣ ካቴናውንና ጎማውን እንዲያስፈትሽ፣ ጉልበት መጨመሩን ከዚያ በኋላ እንዲያስብበት ቢነግሩልኝ ደስታዬ ወሰን የለውም። ይህ ለክብርዎ የማይመጥን ሥራ ከሆነ አይጨነቁ፤ ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ የራሴን ወንበር ይዤ ከጎንዎ እቀመጣለሁ። እርስዎ ሞተሩን ያዳምጣሉ፣ እኔ ፍሬኑን አስጨብጣለሁ።

የሊቀመንበርነት ዘመንዎ እንዲረዝም፣ ምክርዎ ግን እንዲያጥር ከልቧ የምትመኝ፣ ለእርስዎ ያላት አክብሮት ከሞተሯ ጋር አብሮ ያልተቃጠለ፣

ዊልማ ሆክስትራ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ በዚያ ምሽት እርስዎ ተራራው ጫፍ ላይ ኳድዎን አቁመው እንደነበር ሰዎች ነግረውናል። ወደ እኔ የወረደው ሃርም ብቻ ስለነበር፣ እርስዎ ሳይቋረጡ የፀሐይዋን መግባት የማየት ዕድል እንደነበረዎ እናምናለን። እኔ ከዚያ ላይ ሆኜ አይቼ አላውቅም፤ ሃርም የቀድሞዎቹን ይተርክልኛል፣ የዚያን ዕለቱን ግን እሱም አላየውም። ፀሐይዋ ስትገባ ሐይቁ ምን ይመስል እንደነበር ቢጽፉልን ሁለታችንም እናመሰግናለን።