ያልተከራከርኩበት ብርቱካን

ዘሃራዬ፣ አላህ ማረፊያሽን ጀነት ያድርግልሽ። ከተለየሽኝ ሁለት ረመዳን አለፈ።

ሱቅ ስዘጋ የዋልኩበትን በደብተር የመጻፍ ልማዴን አልተውኩም። ጨው ገባ፣ መኪና አለፈ፣ አላለፈም፤ ይኸው ነው። ዛሬ ግን ያንን ትቼ ላንቺ ልጻፍ አልኩ።

ቤቱ እንዳለ ነው። እህትሽ ሙሚና ጓዳውን ይዛልኛለች፤ ድልኹ እንዳንቺ እንደማይሆንላት ራሷም ታውቃለች። ስኳር በቀበሌ ሱቅ በሰልፍ ሆኗል። ሱቃችን በር ላይ ያለችውን በርጩማሽን አላነሳኋትም። የአዋሽ ጣቢያ ሴቶች ሊቀመጡባት ይሉና መልሰው ይቆማሉ።

ሐሳቤ እየሄደ የሚያርፈው ከድሬዳዋ ሆስፒታል በተመለስንበት ቀን ላይ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ሐኪሙ አንቺን ውጭ አግዳሚ ላይ አስቀምጦ እኔን ለብቻዬ ጠራኝ። «ወደ ቤቷ ውሰዳት፤ ያማራትን አብላት» አለኝ። ሌላ አልጨመረም። የይለፍ ወረቀት ሲከለከል የማንኳኳው በር አላጣም፤ ላምባ ሲጠፋም ከየትም ብዬ አመጣለሁ። እዚያ ግን የምለምነው ሹም፣ የምይዘው አማላጅ አልነበረም። ወጥቼ «መድኃኒቱን ከወሰደች ትድናለች ብሏል» አልኩሽ። ሻሽሽን አስተካክለሽ ተነሳሽ።

በማግስቱ ባቡሩ ኤረር ሲቆም ያን ሁሉ ዛፍ በመስኮት አይተሽ «እንውረድ፤ ከሰዓት በኋላ በሚያልፈው እንሄዳለን» አልሽ። የይለፍ ወረቀታችን ድሬዳዋ እንጂ ኤረር አይልም። ጠመንጃ ያነገተው አብዮት ጠባቂ ወረቀቱን አገላብጦ «እዚህ ምን ሥራ አላችሁ?» ሲለን፣ እኔ የዘመድ ለቅሶ ልፈጥር አፌን ስከፍት ቀደምሽኝ።

«ዛፍ ልናይ ነው።»

«ዛፍ? አዋሽ ዛፍ አለቀ እንዴ?»

«የአዋሹ እሾህ ነው፣ ወንድሜ። ጥላው ራሱ ይወጋል።»

ሰውዬው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «በሉ እዩ። ማታ እዚህ እንዳላገኛችሁ!» ብሎ ለቀቀን።

ብርቱካንና ማንጎው በተጋጠመበት፣ ቦይ ዳር፣ እግርሽን ውኃ ውስጥ ነክረሽ ዋልሽ። በዚያ ክረምት እንደዚያ ስትስቂ አይቼሽ አላውቅም። ባቲ ገበያ ለጥሎሽሽ ጨርቅ ሦስቴ ተመላልሼ ስከራከር አባትሽ «ይህ ልጅ ከመልአከ ሞትም ዋጋ ያስቀንሳል» ማለታቸውን አስታወስሽኝ። እኔም አብሬሽ ሳቅሁ። አባትሽ ተሳስተው ነበር።

ብርቱካን የተሸከመች ሴት መጣች። ዋጋዋን ጠራች፤ የጠራችውን ሰጥቼ ዘንቢላችንን ሞላሁ። ሴትዮዋ ግራ ገብቷት ቆማ ቀረች። አንቺም ቀና ብለሽ አየሽኝና ወደ ውኃው ተመለስሽ።

አዋሽ ስንደርስ ጀንበር ልትጠልቅ ነበር። ፍየልና ቅቤ የሚያመጣልን አፋሩ ደንበኛችን ሐመዱ በትሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ ጣቢያው ላይ ቆሟል። ሰላም እንደተባባልን «ዳጉ?» ብሎ የመንገዱን ወሬ ጠየቀኝ። እኔና አንቺ እዚህ አገር ስንኖር የተማርነው አንድ ነገር ቢኖር ዳጉ ለተጠየቀ ሰው ያየውንና የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ መናገር እንዳለበት ነው። የደበቀ ሰው ከዚያ ወዲያ አይታመንም። መንገድ ሲዘጋ፣ ከብት ሲረክስ የምሰማው ከሐመዱ ነው፤ ዋሽቶኝ አያውቅም። የባቡሩን መጨናነቅ፣ የድሬዳዋን ሙቀት፣ የኤረርን ጥላ ነገርኩት።

«ሐኪሙስ?» አለ።

እንዳልዋሸው ሐመዱ ነው፤ እንዳልነግረው አንቺ አጠገቤ ነሽ።

ያኔ ዳጉውን ከኔ ተቀበልሽኝ። «ሐኪሙ አትድንም ብሏል» አልሽው፣ ስለ ሌላ ሰው በሽታ እንደምታወሪ ሁሉ። «ሰይድ አልነገረኝም። ግን ዛሬ ብርቱካን ሳይከራከር ገዛ። ለጥሎሼ የተከራከረ ሰው ነው፣ ሐመዱ።»

ሐመዱ በትሩን ከትከሻው አወረደ። እኔ ዘንቢሉን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። አንቺ ነሽ «አንተዬ፣ ና እንግባ» ያልሽኝ።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ የሚደበቅ ነገር አልነበረም። ሲያምሽ አመመኝ ትይኛለሽ፣ እኔም አይዞሽ አልልሽም፤ ውኃ አቀብልሻለሁ፣ ትራስሽን አዞራለሁ። እጄ ከዚህ ሌላ የሚሠራው አጣ።

ዛሬ ሐመዱ አንድ የማላውቀውን ዘመዱን ከገዋኔ ይዞ መጣ። እንግዳው ዳጉ ጠየቀኝ። የጨውን፣ የመንገዱን ነገርኩት፤ ቀጥዬ ሳላስበው ያንቺን ነገርኩት። ለዛፍ ብለሽ መውረድሽን፣ እግርሽን ውኃ ውስጥ መንከርሽን፣ ስለ ራስሽ ሞት ዳጉ መስጠትሽን። አንዲት ቃል ሳይጥል ሰማኝ። መንገዱ ወደ ጭፍራ ነው፤ እዚያም ሲደርስ ይጠየቃልና ይናገራል። ስምሽን ሰምተው የማያውቁ ሰዎች ዛፍ ልታይ ከባቡር ስለወረደችው ሴት ያወራሉ።

ላንቺ ማድረግ የቀረኝ ይህ ብቻ ሆነ፣ ዘሃራዬ። ዳጉ በተጠየቅሁ ቁጥር አንቺን አልዘልሽም።

ሌላው ነገር እንደምታውቂው ነው። ለጨው እከራከራለሁ፣ ለፍየል እከራከራለሁ። የምሥራቁ ባቡር ሲገባ የኤረር ብርቱካን የያዙት ሴቶች ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ይጠቃቀሳሉ። ልከራከር አፌን እከፍታለሁ። አልሆን ይለኝና የጠሩትን ከፍዬ እመለሳለሁ።