ቀዩን ወይን ወስጄዋለሁ

ፖሊክሴኒ፣

እንዳልቀሰቅስሽ ብዬ ነው የጻፍኩልሽ። የምስር ሾርባው ድስቱ ውስጥ አለ፤ አሙቀሽ ብይ። ድመቷ በልታለች፤ አልበላሁም ብላ ብትጮህብሽ እንዳታምኛት።

ቀዩን ወይን ወስጄዋለሁ። ለስምሽ ቀን፣ ለቅድስትሽ በዓል ያስቀመጥሽው መሆኑን አውቃለሁ፤ ይቅርታ። ሱቁ ገና አልተከፈተም፤ ዛሬ ከመቃብር የሚወጣውን የአባቴን አጥንት ደግሞ ወጉ በወይን ሆኖ ሳለ በውሃ ብቻ ማጠብ አይሆንልኝም።

ትናንት «ውይ አርጊሮ፣ ነገ ነው እንዴ? እኔ እኮ ጎብኚዎች አሉብኝ» አልሽኝ። ቀኑን ከነገርኩሽ ወር አልፎታል።
ምንም አይደለም።

አባቴ ከተቀበረ ሦስት ዓመቱ ስለሞላ፣ አጥንቱን አውጥተው መቃብሩን ለሌላ ሟች ይፈልጉታል። ደውዬ ትንሽ ቀን እንዲጨምሩልኝ ብለምን ቆፋሪው «እመቤቴ፣ አቴና ውስጥ እንኳን ለተኛ ለቆመም ቦታ የለም» አለኝ።

ጠዋት መጽሐፎችሽን አገላበጥኩ። የጥንቶቹ ሰዎች ሙታናቸውን እንዴት አጥበው እንደቀበሩ ሁሉም ይተርካሉ። ስለ ማውጣቱ ግን አንዱም አያነሳም። አንቺም ዛሬ ለጎብኚዎችሽ የምታሳዪያቸው መቃብር ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ማንም ልቀቅ ያላለው ነው።

ሥጋው ካላለቀ መልሰው ይቀብሩታል አሉ። እንዲያልቅ ልመኝ እንዳያልቅ አላውቅም።

መጽሐፎቹን ወደ ቦታቸው አልመለስኩም፤ አንቺ መልሻቸው።

ረፋድ ላይ ነው የሚከፍቱት። ከመቃብር ስፍራው ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ከግንቡ ሥር ነኝ።
ጓንት ሁለት ጥንድ ይዣለሁ።

አርጊሮ