የውሃ ቀንና የቤቲ ቺፕ

ሰኞ፣ ኅዳር 8፣ ከቀኑ 11 ሰዓት
ከት/ቤት ገባሁ። ቦርሳዬን ሳላወርድ የእህቴን የቤቲን የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ሰካሁት። አምፖሏ ብልጭ ትላለች፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ለምን እንደዚያ እንዳደረገቻት አልነገረችኝም።

እህቴ ካረፈች ሁለት ወር ሆነ። የምትሠራበት ላፕቶፕ የኮሌጁ ነበር፤ ተመልሷል። የጻፈችው ፕሮግራም የቀረው ቦርዱ ላይ ባለችው በዚች ትንሽ ቺፕ ውስጥ ብቻ ነው። አዲስ ከጫንኩባት ይጠፋል። አልነካትም። ለራሴ ሌላ ቦርድ ልምረጥ፤ የመጀመሪያዬን።

ለምን እንደቸኮልኩ ልንገርህ፣ ማስታወሻዬ። የብሎካችን የውሃ ተራ ማክሰኞና ዓርብ ነው፤ ሰዓቱ ግን አይታወቅም። ድሮ ቤቲ ትጠብቅ ነበር፤ የምትማረው ማታ ነዋ። አሁን እማዬ ትቀራለች። ሳሪስ አቦ ገበያ ያለው የቅመም መደቧ በሳምንት ሁለት ቀን ባዶውን ይውላል። እንዲህ ከቀጠለ ለሌላ ይሰጣል ብለዋታል። ውሃው ሲመጣ የሚናገር ነገር መሥራት አለብኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10
አቃቂ በሰቃ፣ ጋሽ ተፈሪ ጋ ሄድኩ። ሬዲዮ ይጠግናሉ፣ ዕቃም ይሸጣሉ። ገና ሲያዩኝ፣ «የዚያች ተከራካሪ ወንድም አይደለህ?» አሉና መነጽራቸውን አውልቀው ደጋግመው ጠረጉት።

የምፈልገውን ስነግራቸው ዋይፋይ ያለውን ቦርድ ውሰድ አሉኝ፤ ስልክህ ላይ መልእክት ይልክልሃል። ጓጓሁ! ብር ይዤ እመለሳለሁ ብዬ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ነው የነቃሁት። ቤታችን ዋይፋይ የለም። ት/ቤት ስልክ አይገባም። ከማን ጋር ሊያወራ ነው? ቤቲ ብትሰማ ሳምንቱን ሙሉ ትስቅብኝ ነበር።

ዓርብ፣ ኅዳር 12
ጉድ ሠራሁ።

ጠዋት እማዬን ገበያሽ ሂጂ፣ ሁሉን አዘጋጅቻለሁ አልኳት። የቧንቧውን ጎማ ኩሽና ባለው በርሜል ውስጥ ከትቼ፣ ቧንቧውን ከፍቼ ት/ቤት ሄድኩ። ቧንቧው ከውሃው በፊት አየር እንደሚተፋ ረሳሁ። ጎማው ዘሎ ወጣ። ኩሽናው ሐይቅ። ከእኛ በታች የሚኖሩት የእትዬ ዘነቡ ፍራሽ ራሰ።

አንገቴን ደፍቼ ወረድኩ። «አንተ፣ ጥምቀት መቼ ደረሰና ነው ያጠመቅኸኝ?» አሉኝ። ፍራሹን አብረን ተሸክመን አወጣን።

እማዬ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር። መደቡን እለቃለሁ አለች፤ እንደ ቀላል ነገር።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13
ፍራሹን ልገለብጥ ስወርድ ሁሉንም ለእትዬ ዘነቡ ነገርኳቸው። ቀኑን ሙሉ ቤት ነኝ፤ የቤታችሁን ቁልፍ ከሰጣችሁኝ ወጥቼ ቧንቧውን እዘጋዋለሁ አሉ። ግን ውሃው መምጣቱን በምን ይወቁ? «ጆሮዬ ጡረታ ወጥቷል፤ ዓይኔ ግን ገና ሥራ ላይ ነው።»

መብራት! የሽቦው አንድ ጫፍ ውሃውን እንዲያውቅ በርሜሉ ውስጥ፣ ሌላው ከነአምፖሉ በበረንዳው በኩል ወደ መስኮታቸው። ብልጭ ብልጭ ካለ ውሃው መጥቷል። ሳይጠፋ ከበራ በርሜሉ ሞልቷል፤ ይዝጉት። ዋይፋይ ምን ያደርጋል? የቤቲ ዓይነት ቀላሉ ይበቃል።

ወዲያው ወደ ጋሽ ተፈሪ፣ በሰቃ። እንደ ቤቲ ቦርድ ያለው አልቋል። የሷን አውጥቼ አሳየኋቸው፤ ፕሮግራሟ እንዳይጠፋ እንደምፈራም ነገርኳቸው። ጋሽ ተፈሪ ቺፗን በጥፍራቸው ነካ አደረጉ። «ይቺ እኮ አልተበየደችም፤ ተሰክታ ነው። ትነቀላለች። ቦርዱ ይኑር፣ ቺፑን ብቻ ቀይር።»

ሁለት ወር ሙሉ በየቀኑ ሳያት ይህን አላየሁም።

አዲስ ቺፕ መረጥኩ፦ ባለ 28 እግር፣ ልክ እንደሷ። ጋሽ ተፈሪ ማስጀመሪያ ፕሮግራሙን ጭነውልኛል። ቀሪው ባዶ ነው።

እሁድ፣ ኅዳር 14
ከቤተ ክርስቲያን መልስ። መንቀል አቃተኝ። እማዬ አምፖሏን ስመለከት አገኘችኝ። ነገርኳት። አጠገቤ ተቀምጣ በጣቷ ቆጠረች፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ደጋግማ። ከዚያ ንቀላት አለችኝ።

ገመዱን ነቀልኩ፤ ቺፗን በቢላ ጫፍ ቀስ ብዬ አነሳኋት። አንድም እግር አልተጣመመም።

«ጠፋች?»

«አልጠፋችም እማ። የጻፈችው ውስጧ አለ። መልሰን ከሰካናት ትቀጥላለች።»

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት
ትናንት አዲሷን ቺፕ የቤቲ ቦርድ ላይ ሰክቼ፣ በት/ቤቱ ኮምፒውተር ክፍል ፕሮግራሜን ጫንኩ። ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩ፤ በአራተኛው እሺ አለ። ከት/ቤት ስመለስ ሽቦውን ዘረጋን፣ ጎማውን ጠፍሬ አሰርኩት፣ በባልዲ ውሃ ሞከርነው። እትዬ ዘነቡ ከታች እልልታቸውን አቀለጡት።

አሁን እማዬ ዘንቢሏን ይዛ በር ላይ ቆማለች። የቤቲን ቺፕ ስጠኝ አለች። በብስኩት ወረቀት ጠቅልዬ ሰጠኋት። በጥቁር ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረቻት። «ውሃ ስትጠብቅ ከረመች፤ እስቲ ዛሬ ገበያ ትዋል» ብላ ደረጃውን ወረደች።

እኔም ቁልፉን ለእትዬ ዘነቡ ሰጥቼ ወደ ት/ቤት። ዛሬ ውሃ ሊጠብቅ ከእኛ ቤት የሚቀር ሰው የለም።