ምንም ያልተፋቀበት ጀርባ

ሰቆጣ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፷ ዓ.ም.

ወዳጄ ይትባረክ፣

ካርዷ ጠባብ ናትና ዋናውን ልንገርህ። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከወደቀ ጽድ ቅርፊት ሥር፣ እንደ ቅጠል የሳሳች የትኋን ዘመድ አገኘሁ። ክንፍ የላትም። ቅርፊቱን ስፈነቅል ክንፏን የገነጠልኩት መስሎኝ በንዴት ልጥላት ስል፣ የደብሩ ብራና ጸሐፊ መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት «ቆይ እስቲ ልጄ» አሉኝ። ባዋስከኝ አጉሊ መነጽር ጀርባዋን አገላብጠው አዩ።

«የተሳሳተ ፊደል ስፍቅ ብራናው ላይ ጠባሳ ይቀራል። እዚህ ግን ምንም አልተፋቀም። ክንፍ ድሮም አልነበራትም።»

እውነታቸውን ነው! የደረቷና የሆዷ ሽፋን አንድ ላይ ገጥሟል፤ የክንፍ ጉጥ እንኳ የለም። እንደ ክር የቀጠነው መምጠጫዋ ጭንቅላቷ ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። በነፍሳት መጻሕፍታችን እንዲህ ያለች አላየሁም። እኛ ቤተ ሙከራ ቢሆን ይኼኔ ከጥራጊ ጋር ወጥታለች።

መሪጌታ ዓይናቸው ደክሞ መጻፍ ካቆሙ ሦስት ዓመታቸው ነው። ስለዚህ መነጽርህን ሰጠኋቸው፤ አትቆጣኝ። ትናንት አዲስ መጽሐፍ መጻፍ ጀምረዋል። የክርስትና ስምህን ጠየቁኝ፣ አፈርኩ፣ አላውቀውም። ቶሎ ላክልኝ፤ በመጽሐፉ መጨረሻ፣ የሚጸለይለት ሰው ስም በሚጻፍበት፣ ቦታ ትተውልሃል።

እናትህን ሳምልኝ።
ዘርዓ ጽዮን