እግዜር ይስጥህ

ጥቅምት 24፣ ጠዋት 3 ሰዓት
ከተ/ሃይማኖት አስቀድሼ መመለሴ። የስፌት ሱቄን በር ልከፍት ጎንበስ እንዳልኩ ከጎኔ እጅ ተዘረጋ። ቀና አላልኩም። "እግዜር ይስጥህ" አልኩ፣ እንደ ልማዴ።
"ጋሼ፣ ሳንቲም መች ጠየቅኩ? ያሸክሙኝ ነው ያልኩት!"
ተሸካሚ ነው። ዕድሜው ከኔ አያንስም። እግሩ ሥር የጨርቅ ቦንዳ። ጎረቤቴ ሸሪፋ፣ ክር ሻጯ፣ ከሱቋ ሆና ሳቀች፦ "ጋሼ ዘነበ፣ እግዜር ላይ ሥራ አበዙበት እኮ!"
እኔም ሳቅኩ። ሰው ሲያፍርም ይስቃል። እኔ ስስቅ እሱ ብቻውን ሊያነሳ ታገለ። ቦንዳው ገለበጠው፤ እጁ ከሥር ቀረ። ሸሪፋ ሮጣ ሻርፕ ከትከሻዋ አውርዳ እጁን አሰረችለት። የኔ ነጠላ ትከሻዬ ላይ ነው። እንዳይቆሽሽ ሰብሰብ አደረግኩት።
ይህን መጻፍ ከበደኝ።

ጥቅምት 25
ስፌቱ እምቢ አለኝ። ክሩ ይበጠሳል።
ደብተሬ፣ ላንተ ልንገርህ። "እግዜር ይስጥህ" የሟች ባለቤቴ የአስካለ ቃል ነው። እሷ ግን ሰጥታ ነበር የምትለው። ቃሏን ወረስኩ፤ እጇን አልወረስኩም።

ከሰዓት በኋላ
ለተሸካሚው ዳቦ ገዛሁ። አድርሺልኝ ብላት ሸሪፋ ተቆጣች፦ "ዳቦ መች ጠየቀዎት? እጅ ነው የጠየቀዎት። ራስዎ ይዘውለት ይሂዱ!"
ዳቦውን ራሴ በላሁት።

ጥቅምት 26
ተሸካሚው ይውልበታል ብላ ሸሪፋ ወደነገረችኝ ወደ መሳለሚያ ሄድኩ። ታክሲ መያዣው አጠገብ ተቀምጧል፣ እጁ እንደታሰረ። ከማዶ አየሁትና ተመለስኩ። ሥራ አለብኝ አልኩ ለራሴ። ውሸት። ስንቱን ጾም የጾምኩ ሰው አንድ አስፋልት መሻገር አቃተኝ።

ጥቅምት 28፣ ጠዋት
ተሻገርኩ።
ስሙ ዳርጌ ነው። ያዘጋጀሁት ንግግር ጠፋኝ። ይቅርታ ብቻ አልኩ። ሳቀ።
"አይ ጋሼ! እኔ እኮ ያን ቀን 'አሜን' ብያለሁ። እርስዎ አልሰሙም።"
ወለምታ ነው፤ ወጌሻ አሽቶታል። ለጊዜው ሸክም የለም። ብርድ ነው፣ ሸሚዙ ግን እስከ ሆዱ ክፍት። በአንድ እጅ መቆለፍ አቅቶታል።
"ልብስ ሰፊ አይደሉ እንዴ? ይቆልፉልኛ!"
ቆለፍኩለት። ከአስካለ ሕመም ወዲህ የሰው ልብስ ቆልፌ አላውቅም። አንዱን ቁልፍ አዛነፍኩት። "ደንበኛ እንዴት አላለቀብዎትም?" አለኝ።
ሱቅ ተመልሼ ስነግራት ሸሪፋ "በቃ ጸደቁ!" አለች። ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝ ደግሞ አፈርኩ።

ጥቅምት 29፣ ጠዋት 2 ሰዓት
እጁ እስኪድን ጠዋት ጠዋት በሱቄ ያልፋል። ቆልፌለት ይሄዳል።
ወስኛለሁ። የሰውየውን ፊት ሳላይ የእግዜርን ስም አልጠራም።
ይኸው፣ ደጄ ላይ እጅ ተዘርግቷል። ዳርጌ መስሎኝ ነበር። እጁ ግን አልታሰረም፣ የሌላ ሰው ነው። ብዕሩን ላስቀምጥ። ቀና ብዬ ፊቱን ልየው።