ያልለበስኩት ቡናማ ኮት

ውድ አክስቴ፣

በዚህ ሳምንት ሦስት ጊዜ ደውዬልሻለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ስለ ጉልበትሽ ጠይቄሽ፣ ስለ አየሩ አውርተን፣ «በይ ደህና ሁኚ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ልነግርሽ የፈለግኩት ግን ሌላ ነበር። ድምፅሽን እየሰማሁ የምደፍረው ስላልሆነ መጻፍ መረጥኩ። አደራሽን፣ ሳትጨርሺው አትጣይው።

ዘጠኝ ዓመት ወደ ኋላ ልመልስሽ። አንቺ የሰፋሽልኝን ቡናማ ኮት ለብሼ አይደለም ሥራ የተቀጠርኩት።

ለቃለ መጠይቅ የተጠራሁ ዕለት ከእኔ ይልቅ የተደናገጥሽው አንቺ ነበርሽ። «ምን ለብሰሽ ልትሄጂ ነው?» አልሽና መልሴን ሳትጠብቂ ቁም ሳጥኑን ከፈትሽ። የሟቹን አጎቴን ሙሉ ልብስ አወጣሽ። እሱ ከሞተ ወዲህ ማንም እንዲነካው አትፈቅጂም ነበር። ስፌቱን በምላጭ እየፈታሽ ስትበታትኚው «ሳጥን ውስጥ ብል ከሚበላው አንቺ ብትለብሺው አይጠላም» አልሽኝ። አራት ቀን ሙሉ ከስፌት መኪናሽ አልተነሣሽም። በየሰዓቱ ትጠሪኛለሽ። «ቀጥ በይ! እጅሽን አንሺ! ፈታኞቹ ፊትም እንዲህ ልትጎብጪ ነው?» ትከሻውን ብቻ ሦስት ጊዜ ፈትተሽ ሰፋሽው። ምክሩማ ማለቂያ አልነበረውም፤ ጥፍርሽን ቁረጪ፣ ሽቶሽ ካንቺ ቀድሞ እንዳይገባ፣ የሚጮህ ጫማ ከሆነ ከአሁኑ ንገሪኝ።

የፈተናው ዕለት ጠዋት እስከ በር ሸኘሽኝ። መንገድ ላይ አብራኝ የተማረችውን ጓደኛዬን አገኘኋት። እሷ ቀድማኝ ሥራ ይዛ ነበር። ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ይሄ ኮት ሥራ ሊጠይቅ ነው ወይስ ጡረታ?» አለችኝ። ሳቅኩ፤ ጆሮዬ ግን ጋለ። ቤቷ ቅርብ ስለነበር ይዛኝ ተመለሰችና ጠበብ ያለ ጥቁር ኮት አለበሰችኝ። ያንቺን አጣጥፌ በፌስታል ያዝኩት። ፈተናው እንዳለቀ ጥቁሩን መለስኩላትና፣ አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ካለው መጸዳጃ ቤት ገብቼ ያንቺን ለበስኩት።

ደጅ ቆመሽ ትጠብቂኝ ነበር። ስለ ጥያቄው አልጠየቅሽኝም። «ኮቱን አዩት?» ነው ያልሽኝ።

«አንዷ ፈታኝ፣ የት ነው ያሰፋሽው ብላ ጠየቀችኝ» አልኩሽ።

እንዲያው ደስ ይበላት ብዬ ነው። አንቺ ግን ደረጃው ላይ ቁጭ ብለሽ አለቀስሽ። የተቀጠርኩ ጊዜ ደግሞ ወሬው ሰፈሩን አዳረሰው። ሥራ የሚፈልጉ ሴቶች የአባታቸውን፣ የወንድማቸውን አሮጌ ሙሉ ልብስ እየያዙ አንቺ ዘንድ መምጣት ጀመሩ። ያንኑ ኮት፣ በዚያው ትከሻ፣ በዚያው ኮሌታ ትሰፊላቸዋለሽ። «ይሄ የተፈተነ ነው፤ የኔን ልጅ አስቀጥሯል» ትያቸዋለሽ። ልጠይቅሽ በመጣሁ ቁጥር አይቼ ዝም እላለሁ። «ትከሻውን ትንሽ ብታጠብቢው» ለማለት እንኳ ወኔ አጣሁ፤ ለምን ስትይኝ የምመልሰው የለኝማ።

እስካሁን ያልኩሽን ይቅር ትይኝ ይሆናል። የሚከብደው የሚከተለው ነው።

ባለፈው ወር ደውለሽ «የዳቦ ቤቷ ልጅ እናንተ ዘንድ ልትፈተን ነው። አድዪላት አልልሽም፤ እንዲህ ያለውን እኔም አልወድም። ልብሷን ብቻ እዪልኝ፤ እንዲህ አምሮባት አይቼ አላውቅም» አልሽኝ። እኔም በዚያ ቀን ፈታኝ አይደለሁም አልኩሽ። ነበርኩ። ሦስት ነበርን፤ የአስተዳደር ኃላፊያችን፣ የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊዋና እኔ። የማውቀው ሰው ሲፈተን ራሴን ማግለል ነበረብኝ፤ ደንቡ ነው። ባገልል ግን «ከየት ነው የምታውቂያት?» መባሉ አይቀርም። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ በምን እጅ እንዳደግኩ የሚያውቅ የለም። እንዳይታወቅ ያደረግኩትም እኔው ነኝ።

ገባች። እኔ ከሰፈር ስወጣ ገና ቦርሳ የምታንጠለጥል ተማሪ ነበረች። ኮቱ ግራጫ ነው፤ ትከሻውን ሳይ ያንቺ እጅ መሆኑን ከበሩ ለየሁት። አየችኝና እንደማታውቀኝ ሆነች። ሰባት ጥያቄ ጠየቅናት። ኃላፊዋ «የተናደደ ደንበኛ ቢመጣብሽ ምን ታደርጊያለሽ?» ስትላት «ዳቦ አለቀ የተባለ ሰው አይተው ያውቃሉ? እኔ በየጠዋቱ ከእሱ ጋር ነኝ። መጀመሪያ ተናግሮ እስኪወጣለት እሰማዋለሁ» አለች። ሴትዮዋ ወደደቻት፤ ፊቷ ላይ ይነበብ ነበር።

ልጅቷ ወጥታ በሩ ገና ሳይገጥም ኃላፊው «ኮቱ ከእሷ ይልቅ የሥራ ልምድ አለው» አለ። ተሳቀ። አክስቴ፣ እኔ መሳቅ ብቻ አልበቃኝም። «የትከሻው ስፋት! አብሯት ሌላ ሰው የገባ መስሎኝ ነበር» አልኩ። ከኃላፊው ቀልድ ይልቅ በእኔው ቀልድ ነው የተንከተከቱት።

ነጥብ መስጫው ወረቀት ላይ «አለባበስና አቀራረብ» የሚል ሃያ ነጥብ የሚይዝ መስመር አለ። ሁለቱ ያን ያህል ስቀውም አንዱ አሥራ ሁለት፣ አንዷ አሥራ ሦስት ሰጧት። እኔ አራት ሰጠኋት። ያን ኮት ከእኔ ማራቅ ነበር የፈለግኩት፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ልጅቷ በሁለት ነጥብ ተበልጣ ወደቀች።

ውጤቱ የተነገረ ዕለት ደወልሽልኝ። «አላለፈችም። እናቷ፣ ሳታጠኚ ሄደሽ ነው ብላ ተቆጥታታለች። እኔም ጨመርኩባት። ልብሱስ የተፈተነ ነው፣ መልስሽ ነው እንጂ አልኳት። አቀርቅራ ዝም አለች» አልሽኝ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ፈቃድ ጠይቄ ዳቦ ቤት ሄድኩ። በደጅሽ እንዳላልፍ በጀርባ ዞርኩ። ነጭ ሽርጥ አድርጋ ዳቦ ትደረድር ነበር።

«አውቀሽኝ ነበር፣ አይደል?» አልኳት።

«ገና ስገባ።»

«ታዲያ ለምን ለአክስቴ አልነገርሻትም?»

«ምን ብዬ?» አለች፤ እጇ ሥራውን አላቆመም። «በሩ አልተዘጋም ነበር። ስትስቁ ሰምቻለሁ። አንቺ ያልሽውንም ሰምቻለሁ። ሄጄ፣ እትዬ፣ ያሳደጓት ልጅ በስፌትዎ ሳቀች ልበላቸው? አራት ጊዜ ነው የለኩኝ። ዓይናቸው ደክሞ፣ ክሩን መርፌው ውስጥ የማስገባላቸው እኔ ነበርኩ።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«እኔን ተይኝ፤ ሌላ ቦታ አመለክታለሁ። ግን እሳቸው አሁን ለጫማ ሰፊው ልጅ ሌላ ኮት ጀምረዋል። እሷም ሄዳ እንደኔ ይሳቅባት?»

ዳቦ የሚገዛ ሰው ገባ። ፊቷን ፈታ አድርጋ «አሁን የወጣ ነው፣ ትኩስ ነው» አለችው። እኔ ወጣሁ።

በነጋታው ኃላፊው ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ እንደማውቃት፣ ራሴን እንዳላገለልኩ፣ ነጥቡን ያለ አግባብ እንዳወረድኩ። እሱም «ያለፈችው ልጅ ትናንት የቅጥር ውሏን ፈርማለች። እሷን ምን ልበላት?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እሷም ምንም አላጠፋች። ነገሩ ሊመለስ አልቻለም። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ከፈታኝነትም ተነሣሁ፤ ሲያንሰኝ ነው። ያ የአለባበስ መስመር ግን እንደገና እንዲታይ ጽፌ አመለከትኩ። ሃያው ነጥብ ወደ አምስት ወረደ፤ ስሙም «ንጽሕና» ተባለ። ለዳቦ ቤቷ ልጅ ስላልደረሰላት እንደ ውለታ አልቆጥረውም።

አክስቴ፣ ስፌትሽ እንከን የለውም። ላባብልሽ ብዬ አይደለም፤ እዚህ ስንት ኮት በፊቴ አልፏል። ጊዜው ያለፈበት ቅርጹ ነው። ትከሻው ይጥበብ፣ ወገቡ ትንሽ ይግባ፣ ርዝመቱ ይጠር። ያን ጊዜ ደረጃው ላይ ሳለን እውነቱን ብነግርሽ ኖሮ በአንድ ከሰዓት በኋላ ታስተካክይው ነበር። ትቆጪ ነበር፣ ታኮርፊኝ ነበር፣ ከዚያ ምላጩን ታነሺ ነበር። እኔ ግን እንደ ሕፃን አባበልኩሽ። ለስንቷ ሴት መሳቂያነት ምክንያት እንደሆንኩ አላውቅም።

እሑድ ጠዋት እመጣለሁ። ስደቢኝ፣ ዝም በይኝ፣ በሩንም አትክፈቺልኝ፤ እስከ ማታ ደጅ ቁጭ እላለሁ። የጫማ ሰፊውን ልጅ ኮት ግን እስከዚያ እንዳትጨርሺው።

ከዚያ በፊት አንድ ነገር ልለምንሽ። ይህን አንብበሽ እንደጨረስሽ ዳቦ ቤት ሂጂ። እኔ ብናገር እናትዮዋ አታምነኝም፤ አንቺን ታምናለች። ልጅሽ ሰባቱንም ጥያቄ መልሳለች በያት። ያን ቀን ከገቡት ሁሉ የእሷን ያህል የመለሰ አልነበረም፤ የጣለቻት የእኔ ልጅ ናት በያት።

አሁንም ልጅሽ ነኝ ለማለት የምፈራው፣
ያሳደግሽኝ