በሽታን በስሙ የጠሩት እህታችን የሕይወት ታሪክ

እህታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከቤት እመቤት እናታቸው በ1954 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ሁለተኛ ልጅ ነበሩ። የተወለዱበት ቤት ሁለት ክፍል ብቻ ነበረው፤ በአንዱ ይተኛል፣ በሌላው ይሰፋል። የሚሰፋበት ክፍል አንድ መስኮት ነበረችው። አባታችን ጨርቁን አቧራ እንዳይነካው ብለው ዓመቱን ሙሉ ዘግተዋት ይውሉ ነበር። ከዚህ በታች የሚነበበው ሁሉ የጀመረው በዚያ ክፍል ነው።

ወደ ትምህርታቸውና ወደ ሥራቸው ከማለፋችን በፊት ግን መነገር ያለበት ነገር አለ። ይህ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት ሊሄድ ሲል በቤተሰቡ መካከል ጠብ ተነሥቶ ነበር። ታላቅ እህታችን፣ «‹ባደረባቸው አጭር ሕመም› ብለህ እለፈው፤ ልጆቿ ገና ሰው ፊት የሚቆሙ ናቸው» አሉ። ሟች እህታችን ደግሞ ሊያርፉ ሦስት ሳምንት ሲቀራቸው ጽሑፉን ለሚያዘጋጀው ታናሽ ወንድማቸው፣ «ስሙን ጻፈው። ካልጻፍከው ቀብሬ ላይ እንዳላይህ» ብለውት ነበር። የሟች ቃል ይበልጣል። ስለዚህ ስሙ ይኸውና፤ እህታችንን የገደላቸው የሳንባ ነቀርሳ ነው፤ ቲቢ፣ ያውም መድኃኒት የተላመደ ቲቢ። አጭር አልነበረም። ስሙ እንዲነበብ የፈለጉትም ለወግ አይደለም። አብሯቸው አንድ አየር የተነፈሰ ሰው ሁሉ ሰምቶ እንዲመረመር ነው።

«አጭር ሕመም» የሚባል በሽታ በየትኛውም የሕክምና መጽሐፍ ውስጥ የለም። ያለው በእኛ የቀብር ወረቀቶች ላይ ብቻ ነው። አባታችን በ1964 ዓ.ም. ሲያርፉ የተነበበው ወረቀት ዛሬም በቤታችን አለ፤ «ባደረባቸው አጭር ሕመም» ይላል። አባታችን ሦስት ዓመት ሙሉ ስለዋል። ደም ሲተፉ ሁላችንም አይተናል። ጎረቤቱ ሁሉ «ብርድ መቷቸው ነው» አለ፣ እኛም ብርድ ነው አልን፣ መስኮቷም ይብስ ተጠረቀመች። በሽታው በዓይን በማይታይ ባክቴሪያ የሚመጣና የታመመ ሰው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ፣ ሲናገር ጭምር በአየር የሚተላለፍ መሆኑን የነገረን አልነበረም። ቢነግረንም የምንሰማ አንመስልም።

አባታችን ካረፉ በአምስተኛው ወር የመጨረሻዋ ታናሽ እህታችን ታመመች። ሦስት ዓመት አልሞላትም ነበር፤ እንቅልፏን ከአባቷ ጉያ ለምዳ ያደገች ልጅ ናት። ትኩሳት ያዛት፣ አስመለሳት፣ አንገቷ ደረቀ። እናታችን አዝለዋት ወደ ሐኪም ሲሄዱ የአሥር ዓመቷ ሟች እህታችን ዕቃ ይዘው ተከተሉ። ሐኪሙ፣ «እናት፣ ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ ያሳለ ሰው ነበር?» ብሎ ጠየቀ። እናታችን መሬት መሬት እያዩ፣ «የለም፣ ጌታዬ፤ አባቷም በአጭር ሕመም ነው ያረፉ» አሉ። ሐኪሙ የነገሩትን አምኖ የሌላ በሽታ መድኃኒት ሰጠ። ልጅቱ በዘጠነኛው ቀን ሞተች። ቲቢው ወደ አንጎሏ ወጥቶ ነበር። ነገሩን እህታችን የተረዱት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በመማሪያ ክፍል ተቀምጠው ነው። እናታችን ክፉ ሰው አልነበሩም። እናታችን የእኛ ሰው ነበሩ። ልዩነቱ ይኸው ነው።

እህታችን የመጀመሪያና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እናታቸውን በስፌት እየረዱ አጠናቀቁ። በ1973 ዓ.ም. ወደ ሕክምና ላቦራቶሪ ማሠልጠኛ ገብተው በ1975 ዓ.ም. በከፍተኛ ውጤት ተመረቁ። በዚያው ዓመት ተመድበው በገቡበት ሆስፒታል ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት አገለገሉ። ሥራቸው አክታ ማንበብ ነበር። ሳቅ ያሰኛል፤ እሳቸውም ይሥቁበት ነበር። ምን እንደሚሠሩ ሲጠየቁ፣ «ሰው የተፋውን አነሳለሁ» ይሉ ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። አክታው በመስታወት ላይ በስሱ ይቀባል፣ በእሳት ይደርቃል፣ በቀይ ቀለም ይነከራል፣ በአሲድ ይታጠባል፣ በሰማያዊ ይደገማል። ከዚያ በማይክሮስኮፕ ሥር ገብቶ፣ ከአንዱ ቦታ ወደ ቀጣዩ እየታለፈ መቶ ቦታ ይታያል። በሰማያዊው መካከል ቀይ ቀጫጭን በትሮች ከታዩ ሰውየው ቲቢ አለበት። ሰነፍ አንባቢ ሃያ ቦታ አይቶ «ንጹሕ» ብሎ ይጽፋል። እህታችን መቶውን ሳይጨርሱ ከወንበራቸው ተነሥተው አያውቁም። በላቦራቶሪውም አንድ ሕግ አቆሙ፤ ማንኛውም መስታወት በሁለት ሰው ዓይን ሳይታይ ንጹሕ አይባልም። ለምን ሲባሉ፣ «አንድ ዓይን ይደክማል፣ አንድ ልብ ደግሞ ይመኛል» ይሉ ነበር።

በ1978 ዓ.ም. የሆስፒታሉ የአምቡላንስ ሾፌር ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሠረቱ። የተዋወቁት በጠብ ነው። ሾፌሩ በሚያስል ሕመምተኛ የተሞላ መኪና ጥርቅም አድርገው ዘግተው ሲደርሱ እህታችን በር ላይ ጠብቀው አራቱንም መስኮት አስከፈቱ። ሾፌሩም፣ «የኔ እመቤት፣ የጠላሽው እኔን ነው መኪናዬን?» ቢሉ፣ «መኪናህ ምን አደረገኝ?» አሏቸው። ከዚህ ትዳር አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ፤ ሴቷ መምህርት፣ ወንዱ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ናቸው።

እህታችን በሄዱበት ሁሉ መስኮት ይከፍቱ ስለነበር «ወይዘሮ መስኮት» የሚል ስም ወጣላቸው። ታክሲ ውስጥ ይከፍታሉ፤ ተሳፋሪው «ኧረ እትዬ ዝጊልን፣ ብርድ ልታስመቺን ነው?» ይላል። እሳቸውም፣ «ሠላሳ ዓመት ሙሉ አጉልቼ አየሁ፤ ብርድ የሚባል ተባይ እስካሁን አላጋጠመኝም» ይላሉ። ከ«ወራጅ አለ» በፊት የወረዱበት ቀን ጥቂት አይደለም።

በ1999 ዓ.ም. ሆስፒታሉ ታደሰ። አክታ የሚሰጥበት ክፍል ሁለት ትልልቅ መስኮቶች ነበሩት። የዚያን ጊዜው አስተዳዳሪ ለክፍሉ የአየር ማቀዝቀዣ አስገጥመው መስኮቶቹን በምስማር አስመቱ። ምክንያታቸው ማቀዝቀዣ ያለበት ክፍል መስኮት አይከፈትም የሚል ነበር። እህታችን ሄደው፣ «ጌታው፣ ይህ ዕቃ ያንኑ አየር ነው የሚያዞረው፤ በሽታውን አቀዝቅዞ ነው የሚያቀርብልን» ቢሏቸው አስተዳዳሪው፣ «እርስዎ ማይክሮስኮፕዎን ይዩ፣ ሕንፃውን ለእኛ ይተዉ» አሏቸው። እህታችን በማግሥቱ ምስማሩን በራሳቸው እጅ ነቀሉ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጣቸው፤ መስኮቶቹም እንደገና ተመቱ፤ ስድስት ዓመት እንደተመቱ ቆዩ። በእነዚህ ስድስት ዓመታት ከላቦራቶሪው ሠራተኞች ሁለቱ በቲቢ ታመሙ። እህታችንን በሽታው የያዛቸው የት እንደሆነ ማረጋገጥ አይቻልም፤ ባክቴሪያው በሰው አካል ውስጥ ዓመታት ተኝቶ ሊነሣ ይችላልና። እሳቸውም ያለ ማስረጃ የሚናገሩ ሰው አልነበሩም። እኛ ግን አስተዳዳሪውን አንድ ነገር እንጠይቃለን፤ ያ ማቀዝቀዣ ዛሬ ማንን እያቀዘቀዘ ነው?

አሁን ወደ ከባዱ ደርሰናል፤ ይህንንም ጻፈው ያሉት ራሳቸው ናቸው።

በ2014 ዓ.ም. ጡረታ ሊወጡ ስምንት ወር ሲቀራቸው ማሳል ጀመሩ። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ይመረመራል ብለው ሕይወታቸውን ሙሉ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸውና በሦስተኛው ሳምንት አክታቸውን ራሳቸው ቀቡት፣ ራሳቸው ቀለም ነከሩት፣ ራሳቸው አነበቡት። ንጹሕ ነው አሉ። በወሩ ደገሙት፤ አሁንም ንጹሕ ነው አሉ። ለሁለተኛ አንባቢ አልሰጡም። ለአራት ወር ያህል በሥራ ቦታ፣ በቤት፣ በዘመድ ጥየቃ እየሳሉ ሰነበቱ፤ ክብደታቸውም ቀነሰ። እኛም ጡረታው አሳስቧቸው ነው አልን።

በአራተኛው ወር ያስተማሯት ወጣት ባለሙያ የተቀመጡ መስታወቶችን ለቁጥጥር መልሳ ስታነብ ቁጥር ብቻ የተጻፈበት አንድ መስታወት ላይ፣ ስድሳ ስምንተኛው ቦታ ላይ፣ ሁለት ቀይ በትር አገኘች። ይዛ መጣች። «እትዬ፣ ይህን ማን ነው ያነበበው?» አለቻቸው። «እኔ ነኝ» አሉ። «ሁለተኛውስ አንባቢ?» አለቻቸው። እህታችን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ከዚያም፣ «የኔ ልጅ፣ የራሴ ስለሆነ ነው» አሉ። ልጅቱ ያን ጊዜ ነው የገባት። ዛሬም ይህን ስትሰማ የምታለቅሰው እሷ ናት። ልታውቅ የሚገባት ግን፣ ያቺን መስታወት ባታነሣ ኖሮ እህታችን ሳይታከሙ ይሞቱ እንደነበረና ብዙ ሰው ይዘው ይሄዱ እንደነበረ ነው።

አዲሱ የቲቢ መመርመሪያ ማሽን በሽታው የተለመዱትን መድኃኒቶች የተላመደ መሆኑን አሳየ። እህታችን በዚያው ዕለት፣ ገና ካፖርታቸውን ሳያወልቁ፣ በአራቱ ወር ውስጥ በተዘጋ ቦታ ረጅም ሰዓት አብረዋቸው የነበሩ የአሥራ አራት ሰዎች ስም ጻፉ። ለእያንዳንዱም ራሳቸው ደወሉ። «አስይዤህ ሊሆን ይችላልና ተመርመር» ብሎ ዘመድን መጥራት ምን ያህል እንደሚከብድ የሞከረው ያውቀዋል። አሥራ አንዱ ሄዱ። አንዱ ታሞ ተገኘ፤ በጊዜ ስለተደረሰበትም ታክሞ ዳነ። ዛሬ የሬሳ ሳጥኑን ከተሸከሙት መካከል ነው፤ እዩት፣ ትከሻው ጤነኛ ነው።

ሕክምናው ከበሽታው የቀለለ አልነበረም። ክኒኑ በእፍኝ ነበር። መርፌው የግራ ጆሯቸውን መስማት ወሰደባቸው። አንዲትም ቀን ግን መድኃኒት አላቋረጡም፤ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ የሚፈጠረው ተሻለኝ ተብሎ በሚቋረጥ መድኃኒት መሆኑን ከማንም በላይ ያውቁ ነበርና። በስድስተኛው ወር አክታቸው ጠራ፤ ሁለት አንባቢ አየው። ከዚያ ወዲህ ወደ ማንም አያስተላልፉም ነበር። ይህ ለጎረቤት ተነግሯል፤ በወረቀትም ተሰጥቷል። ጎረቤት ግን በር ላይ ቆሞ «እንዴት አደሩ» እያለ ተመለሰ። የመጡትም ብርጭቋቸውን ለዩባቸው። ቲቢ በብርጭቆ አይተላለፍም፣ በአየር ነው። ብርጭቆ እየለዩ መስኮት ይዘጉ ነበር! ዛሬም ከሳጥኑ አሥር እርምጃ ርቃችሁ አፋችሁን ይዛችሁ የቆማችሁ አላችሁ። ቅረቡ። የሞተ አይስልም።

በሽታው ቢወጣም የበላው ሳንባ አልተመለሰም። እህታችን የመጨረሻዎቹን ወራት በኦክስጅን ተደግፈው፣ በአንድ ትራስ ላይ ሁለት ትራስ ተደርቦላቸው፣ ቁጭ ብለው ነው ያሳለፉት። ሲናገሩ በየሦስት ቃሉ ያርፉ ነበር። ልጃቸው ፀጉራቸውን ስታበጥርላቸው፣ «ቀስ በይ፣ ፀጉሬን ቆጥሬ ነው የያዝኩት» ብለው ይቀልዱ ነበር። ባለቤታቸው አልጋቸው አጠገብ ወንበር ላይ እየተኙ አንድ ዓመት ከመንፈቅ አስታመሟቸው። እህታችን የካቲት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. ረፋድ ላይ፣ የባለቤታቸውን እጅ እንደያዙ፣ በተወለዱ በስድሳ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ።

ከአሥራ አራቱ ሦስቱ እስከ ዛሬ አልተመረመሩም። እህታችን እስከ መጨረሻው ሳምንት የሚያስጨንቃቸው ይህ ነበር እንጂ ሞታቸው አልነበረም። ከሦስቱ አንዱ እዚህ ቆሟል፤ ስሙን አንጠራም፣ ራሱን ያውቃል። ሁለተኛዋ ታላቅ እህታችን ናቸው፤ ይህ እንዲነበብ ትናንት እያለቀሱ ፈቅደዋል። ሦስተኛው ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው ወንድማቸው ነው። በሌላው ሰው ፍርሃት ላይ በጋዜጣ ሲጮኽ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው፣ ደረቱን ራጅ ለማስነሣት ፈርቶ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ዞረ። እህቱ «ሄድክ?» ብለው በጠየቁት ቁጥር «ሄጃለሁ፣ ደህና ነኝ» አላቸው። አምነውት፣ የቀሩት ሁለት ብቻ መስለዋቸው ዐረፉ። የሚቆጣ ካለ በእሱ ይቆጣ።

እህታችን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታላቅ እህታቸውንና ታናሽ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የምርመራው ክፍል ይከፈታል። ታላቅ እህታችን «እሺ፣ ግን አንተ ቀድመህ ግባ» ብለዋል፤ ወንድማቸውም ቀድሞ ይገባል። ሦስተኛው ሰው ከመጣ አግዳሚው ወንበር ለሦስት ይበቃል።

አምላክ የእህታችንን ነፍስ ትንፋሽ በማያጥርበት ቦታ ያሳርፍልን። ለእኛም ከመጽናናት አስቀድሞ ድፍረቱን ይስጠን።